ተስፋና ጥበቃ በአንድ ግስ

በዚህ ዓመት ጥቅምት ወር፣ አንድ ገጽ ተኩል የምትሆን በእስፓንኛ የተጻፈች ደብዳቤ እንድንተረጕም ተሰጥታን ሁለት ዐረፍተ ነገር አበላሸን። የቀረውን በደኅና ተወጥተነዋል። ነገር ግን ደብዳቤዋ የተጻፈችው ስለ እነዚያ ስለ ሁለቱ ነበርና፣ ሌላውን ማሳመራችን ምንም አልረባም። ስሕተታችንን በዚህ መጽሔት ላይ የምናወጣው ኀፍረቱ ስለ ቀለለን አይደለም፤ በመዝገበ ቃላት ተማምኖ የሰው ደብዳቤ የሚከፍት ተማሪ እኛ ብቻ እንዳልሆንን ስለምናውቅ ነው።

እኛ ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። እስፓንኛን ክፍል ገብተን አልተማርነውም። አንደኛችን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያገኘው አንድ የሰዋስው መጽሐፍና አንድ የኪስ መዝገበ ቃላት አለን። እርሱ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖር፣ ማታ ማታ በዚያ ተሰብስበን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ግስ ስናረባ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። ግድግዳው ስስ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖሩት የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ጩኸታችንን ሲሰሙ ሰንብተው አንድ ቀን፣ «ልጆቼ፣ ይህ የምትለፈልፉት የልጄ ቋንቋ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁን።

የልጃቸው ታሪክ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ወደቁ። በዚያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጐን ተሰልፈው መዋጋታቸውንና መሞታቸውን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ዛሬም ይመሰክራል። ከጦርነቱም በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሟች ወታደር ልጆች፣ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። የሄዱባት ደሴት ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል የነበረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ግን የወጣቶች ደሴት የተባለችው ናት። በዚያም ግማሹን ቀን ይማሩ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ይሠሩ ነበር። የእማማም ልጅ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ሄደ። አደገ፣ ሥራ ያዘ፣ እዚያው አግብቶ ወለደ፤ ለመኖር ሳይመለስ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያው ዐረፈ።

ደብዳቤዋን የጻፈችው ሴት ልጁ ናት። አማርኛ አታውቅም። የአያቷን አድራሻ ከአባቷ ወረቀቶች መካከል ማግኘቷን፣ ፎቶግራፋቸውንም ከልጅነቷ ጀምሮ ማየቷን ጽፋለች። አንድ መንገደኛ ይዞት መጥቶ ለጎረቤት አስረክቦ ሄደ። እማማ ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ እኛ መጡ።

ያበላሸናቸው ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው በደብዳቤዋ መካከል ያለው «ኤስፔሮ ኬ ኖስ ቤያሞስ ኤን ኤኔሮ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከፊርማዋ በላይ ያለው «ኤስፔሮ ቱ ሬስፑኤስታ» የሚለው ነው። በሁለቱም መነሻ ላይ የቆመው «ኤስፔሮ» ከ«ኤስፔራር» ግስ የወጣ ሲሆን፣ የኪስ መዝገበ ቃላታችን ለዚህ ግስ በተርታ ሦስት ፍቺ ይሰጣል። ተስፋ ማድረግ፣ መጠበቅ፣ ይሆናል ብሎ ማሰብ። እኛም እንደ ገበያተኛ ከሦስቱ አማረጥን። ኤኔሮ ማለት ጃንዋሪ ነው፤ የእኛን ገናና ጥምቀት ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን፣ «በጥር እንደምንገናኝ እጠብቃለሁ» አልን። የሁለተኛው ግን፣ ያው ቃል ሁለት ጊዜ እንዳይደጋገም ለማሳመር ብለን፣ «መልስሽን ተስፋ አደርጋለሁ» ሆነ። ስናነብላቸው ድምፃችን እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እማማ የሰሙት እኛ ካነበብነው ያለፈ ነበር። «በጥር ትመጣለች በሉኛ!» አሉ። እኛም ፈገግ አልን እንጂ አላረምንም። የመልሱን ነገር ብናነሣ፣ «ራሷ ከመጣች ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» አሉን። እውነትም ተስፋ ብቻ ለሚደረግ መልስ ማን ይቸኩላል? ሳይጻፍ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ለጥምቀት ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ተገዛ። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን እማማ በዓይናቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ ስላለባቸው፣ ብዙ ወራት ከጠበቁ በኋላ በታኅሣሥ መጨረሻ ለመቀደድ ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር። «ልጅቱ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ፣ እኔ ዓይኔን ታስሬ ልቀበላት ነው?» ብለው ቀጠሮውን ተዉት። ተራቸውም አለፈ። አዲሱ ቀጠሮ ለሰኔ ሆነ። ጥምቀት መጣ፣ ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። ከኩባ የመጣ ሰው አልነበረም። ጥር ሲያልቅ እማማ በሩ አጠገብ ያኖሩትን ወንበር ራሳቸው አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡት።

በየካቲት ደብዳቤዋን ይዘን፣ በዚያች ደሴት ከተማሩት ወደ አንድ ሰው ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው አንድ ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ጣታቸውን በአንዲት ቃል ላይ አኑረው፣ «ቤያሞስ ትላለች እኮ! ቤሬሞስ ብትል ኖሮ እኔም ወንበር አወጣ ነበር» አሉን። ቀጥለውም ወደ ታች ወርደው፣ «እዚህ ጋ ደግሞ መልስ እየጠበቀች ነው። ጻፋችሁላት?» አሉ። ዝም አልን። ተስፋ ካለበት ጥበቃን፣ ጥበቃ ካለበት ተስፋን አስገብተን፣ ሁለቱን አገላብጠን ኖሯል።

ጋሼ ያስረዱንን፣ በኋላም ከሰዋስው መጽሐፋችን ጋር ያመሳከርነውን እነሆ። የእስፓንኛው ኤስፔራር ትርጉሙን በራሱ አይወስንም፤ ከአጠገቡ የሚቆመው ነው የሚወስንለት። «ኬ» የምትለው ማያያዣ ተከትላው፣ ከእርሷም ቀጥሎ የሚመጣው ግስ የእኛ መምህራን ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር በሚቀራረበው መልክ ከመጣ፣ ተናጋሪው ተስፋውን እየተናገረ ነው፤ ነገሩ ገና በእጁ የለም። ያ ግስ በትንቢት መልክ ሲመጣ ግን ተናጋሪው ይሆናል ብሎ ቆርጧል። ቤያሞስ የመጀመሪያው፣ ቤሬሞስ ሁለተኛው ነው። ግሱን ተከትሎ ሰው ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ኤስፔሮ አ ሚ ኤርማኖ» ሲባል፣ ወንድሜን እየጠበቅሁት ነው ማለት ነው። በተለይ የምታስደንቀው «አ» የምትለዋ ናት። «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋ» ያለ ሰው ይመጣ ዘንድ ተስፋ ያደርጋል፤ «ኤስፔሮ አ ኬ ቤንጋ» ያለው ግን እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው አንዲት ፊደል ብቻ ነው። በደብዳቤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ኤስፔሮ ቱ ሬስፑኤስታ» ደግሞ የታወቀ የመዝጊያ ቃል ነው። መልስሽን እጠብቃለሁ ከማለት በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም።

የቃሉ ዘመዶችም በየሰፈሩ ይገኛሉ። የሐኪም ቤት መቆያ ክፍል ሳላ ደ ኤስፔራ ይባላል። ስለ አንዲት ሴት ኤስታ ኤስፔራንዶ ከተባለ አርግዛለች ማለት ነው። ያላሰቡት ነገር የደረሰበት ሰው ኖ ሎ ኤስፔራባ ይላል። ተስፋ ኤስፔራንሳ ነው፤ ተስፋ መቁረጥም ከዚያው ሥር ወጥቶ ዴሴስፔራር ይባላል። እንዲሁም ኪየን ኤስፔራ ዴሴስፔራ የሚል ተረት አላቸው፤ የሚጠብቅ ሰው ተስፋው ያልቃል ለማለት ነው። ለዚህም ጋሼ ከኩባ ኑሮ አንድ ነገር ጨመሩልን። እዚያ ወረፋ ለመያዝ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ የመጨረሻው ማን ነው ብሎ ነው። የመጨረሻው ሰው እጁን ካሳየ በኋላ አዲሱ ተራውን ከእርሱ ቀጥሎ ይይዛል፤ ወረፋው መስመር ሠርቶ ባይቆምም ሁሉም ከማን በኋላ እንደ ሆነ ያውቃል። ቃሉም እንዲሁ ነው ሲሉ ቀለዱብን፤ ከማን በኋላ እንደ ቆመ ሳይጠይቁ ትርጉሙን መያዝ አይቻልም።

በታሪኩ ብንሄድ፣ ግሱ የመጣው ከላቲኑ ስፔራሬ ሲሆን የዚያ ፍቺ ተስፋ ማድረግ ነበር። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች በዚህ ተለያይተዋል። ጣሊያንኛ ለተስፋ ስፔራሬን ይዞ ለጥበቃ አስፔታሬ ይላል። ፈረንሳይኛም ለተስፋ ኤስፔሬ፣ ለጥበቃ አታንድር አለው። እስፓንኛና ፖርቱጋልኛ ግን ሁለቱን ሸክም በአንድ ግስ ጀርባ ላይ ጫኑት። የኮሎምቢያው ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮሎኔል የጡረታውን ደብዳቤ ለማግኘት አርብ አርብ የፖስታዋን ጀልባ ለመቀበል ወደ ወደቡ ይወርዳል። ደብዳቤው አይመጣም። መጽሐፉን ስናስብ፣ ይህ ሰው የሚጠብቅ ነው ወይስ ተስፋ የሚያደርግ ነው ብለን ተከራከርን። በእስፓንኛ ይህን ክርክር ለማንሣት ራሱ ያስቸግራል፤ ለሁለቱም የሚያገለግለው ያው ግስ ነውና።

በመጀመሪያ፣ እንግዲህ ይህ የእኛ ሰምና ወርቅ ነው ልንል ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን አይደለም። ባለ ቅኔው ወርቁን ሆን ብሎ በሰሙ ይሸፍናል። የልጅቱ ደብዳቤ ግን ምንም የሸፈነው ነገር አልነበረም፤ ገላጣ ሜዳ ነበር። ያልታየን እኛ ማየት የለመድነው ቃል በቃል ስለ ሆነ ነው። በገዛ አማርኛችን እኮ እንዲህ አንታለልም። «ይጠብቃል» የሚል ጽሕፈት ብናገኝ፣ ገመድ ከሆነ ላልቶ፣ ዘበኛ ከሆነ ጠብቆ ይነበባል፤ ፊደላችን ላልቶና ጠብቆ መነበቡን ባያሳይም አንድም አማርኛ ተናጋሪ ገመዱን በር ላይ አያቆመውም። «እግዜር ይጠብቅሽ» ስንልም፣ እግዜር ቀጠሮ ይዟል ብሎ የሚያስብ የለም። ይህን ሁሉ በአማርኛ ሳናስበው እናደርገዋለን፤ በሌላው ቋንቋ ጊዜ ግን ዐረፍተ ነገሩን ትተን ወደ መዝገበ ቃላቱ ሮጥን።

ከሁሉ ይልቅ የቈጨን ሌላ ነው። ትክክለኛው ትርጉም በአማርኛ ምን ነበር ብለን ስንመክር፣ መጠበቅም ተስፋም የሚል ቃል የሌለበት ሆኖ አገኘነው። «በጥር ያገናኘን።» በቃ፤ ይህ ብቻ ነበር። እማማ በቀን ዐሥር ጊዜ ያድርስልን፣ ያገናኘን፣ ያሰንብተን የሚሉ ሴት ናቸው። ያገናኘን ብለን ብናነብላቸው ኖሮ አሜን ይሉና የዓይናቸውን ቀጠሮ ይሄዱ ነበር። ያገናኘን ለተባለበት ቀን በግ የሚገዛ የለምና።

ጥፋታችንን ለመንገር ሦስታችንም አብረን ገባን። ማን ይናገር በማለት በሩ ላይ ስንገፋፋ ቆይተን፣ በመጨረሻ ተከራዩ ጓደኛችን ተናገረ። ልጅቱ አልዋሸችም፣ ቃሏንም አላጠፈችም፤ ተስፋዋን ነበር የጻፈችው፤ እመጣለሁ ያስባልናት እኛ ነን አለ። ጓደኛችን በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለማስረዳት ግእዝ ጠቀሰላቸው። ተሰፈወ የሚለው የግእዝ ግስ እንደ እስፓንኛው ተስፋ ማድረግንም መጠባበቅንም ይይዛል። በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ስለ ሙታን ትንሣኤ ንሴፎ የምንለው ከዚሁ ነው፤ እስፓንኞችም ያንኑ ጸሎት በቋንቋቸው ሲደግሙ በዚያ ቦታ ላይ የሚሉት ኤስፔሮ ነው። እማማ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰሙ። ከዚያም፣ «ንሴፎን እንኳ አውቀዋለሁ። ታዲያ እርሱን እያልሁ ስኖር በር ላይ ወንበር አውጥቼ አውቃለሁ?» አሉን።

ሣቁ። እኛ ግን አልሣቅንም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ለውጠው፣ «ከጥቅምት እስከ የካቲት መልሴን ስትጠብቅ ነበረች ነው የምትሉኝ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልናቸው። «የአባቷ እናት እንኳ አልፈለገችኝም ብላ ይሆናል» አሉ። ስለ በጉም፣ ስለ ኖራውም፣ ስለ ዓይናቸውም አንድ ቃል አልወቀሱንም። ይህችን ግን አልቻሏትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

በዚያው ሌሊት መልሱ ተጻፈ። እሳቸው ይናገራሉ፣ አንዱ በአማርኛ ይጽፋል፣ ሁለቱ ወደ እስፓንኛ ይመልሳሉ። ጋሼም በማግሥቱ አርመውልናል። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ አያቷ ደብዳቤዋን በትራሳቸው ሥር እንደሚያኖሩት ጻፍን። መጨረሻው ላይ ስንደርስ እማማ፣ «እጠብቃታለሁ በሉልኝ» አሉ። ቴ ኤስፔሮ ብለን ጻፍን። እጠብቅሻለሁ ማለት ነው፤ ሰው የሚጠበቅበት ስለ ሆነ ሌላ አያሰኝም። ጓደኛችን ግን ብዕሩን አንሥቶ፣ «እማማ፣ ስትመጣ ነው ወይስ ትመጣ ዘንድ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «አሁን ደግሞ ሰዋስው ልታስተምረኝ ነው? እጠብቃታለሁ ብያለሁ፣ እጠብቃታለሁ በል» አሉት። እንዳሉት ተጻፈ።

ይህን እስክንጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። እማማ በሰኔ ወደ ዓይን ሐኪም ይሄዳሉ፤ የሚያደርሳቸው ከመካከላችን ማን እንደ ሆነም ከወዲሁ ተደልድሏል። ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የውጭ ቋንቋ ተማሩ ወይም አትማሩ የሚል ምክር የለንም፤ እኛም ማታ ማታ ግስ ማርባታችንን አልተውንም። ነገር ግን የሰው ደብዳቤ በእጃችሁ በገባ ጊዜ፣ ቃሉ ምን ማለት ነው ከማለታችሁ በፊት ከማን በኋላ እንደ ቆመ ጠይቁ። ያልገባችሁም ነገር ቢኖር አልገባኝም በሉ። እኛ በጥቅምት ይህችን አንዲት ቃል ለማለት አፍረን ነበር።